ዋጋ ቆመው ነው የሚናገሩት

«አሮጊቷን ተዋት፣ ምራቷን ያዛት» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ። የቤቱ ልጅ ስልኩን ድምፁን ለቅቆ የሳሎኑ መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጦታል፤ ስልክ የሚያወራ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ ከእሱ ሌላ ጆሮ የተፈጠረለት ሰው ያለ አይመስለውም። «አሮጊቷ አንዴ ከተናገረች አትነቃነቅም። ምራቷ ግን ይሉኝታ ይገድላታል። ቁጭ አድርገህ ሻይ ስጣት፣ ያለባችሁን ችግር ትንሽ አጫውታት፣ በግማሽ ዋጋ ታጸዳልሃለች። እኔ ባለፈው ወር ቤቴን ያስጸዳሁት እንደዚያ ነው።» ኮሪደሩ ውስጥ በእግራቸው ጣት ተንጠራርተው የበሩን መቃን አናት ሲዳብሱ የነበሩት አሮጊት እጃቸው እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ። ጣታቸው ላይ የወጣው አቧራ ጥቁር ነው፣ ቅባት አለው፣ የዓመታት ነው። በጆሯቸው የገባው ግን ከዚያም የከፋ ቆሻሻ ነበር።

ሰፈሩ «እማማ ፍንክች» ይላቸዋል። ትንሽ ቀንሱልን ሲባሉ «ወይ ፍንክች» ስለሚሉ ነው። ስሙን ያወጡላቸው ሰዎች ለስድብ ነበር ያሰቡት፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለው ለበሱት። የሰው ቤት ሲያጸዱ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። በመጀመሪያ በሰው ባልዲ በቀን ሂሳብ ሠሩ፤ በኋላ የራሳቸውን ባልዲ፣ የራሳቸውን መሰላል፣ የራሳቸውን ብሩሽ ገዙ፤ ከዚያ ወዲያ «የማን ሠራተኛ ነሽ?» ያላቸውን ሰው ሁሉ አፉን አስይዘውታል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ሕግ አላቸው። ቤት ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም። ያዩትን ቤት ዋጋ ደግሞ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ለዚያውም ኩሽና ውስጥ፣ እድፉ አጠገብ፣ ባለቤቱ እያየው። ወንበር የተቀበለች እንግዳ ሆነች፣ ሻይ የጠጣች ዘመድ ሆነች፣ ዘመድ ደግሞ በነጻ ነው የሚሠራው። ይኸው ነው። ይህን ሕግ ለምራታቸው ሌሊት ሲነሱም ቀን ሲቀመጡም ነግረዋታል። ምራቲቱም ሁልጊዜ «እሺ እትዬ» ብላለች።

ችግሩ ይኸው «እሺ» ነው። የዚች ሴት አፍ ከ«እሺ» ሌላ ነገር ሲወጣው አይተው አያውቁም። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል፤ አግብቶ አምጥቶላቸው ሄደ እንጂ መቼ አብሯት ኖረ። አማትና ምራት ናቸው አብረው የሚበሉት፣ አብረው የሚሠሩት፣ አብረው ዝም የሚሉት። አሁን ደግሞ የእማማ ፍንክች ጉልበት አልታዘዝ ብሏል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ተንበርክከው ወለል አይፈትጉም ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። እንግዲህ ባልዲው፣ ደንበኛው፣ ስሙ፣ ያ ሁሉ ዓመት የቆመ ዋጋ፣ ወይ ለዚች ለ«እሺ» ይተላለፋል ወይ እዚሁ ይሞታል። ዋጋ ማለት ደግሞ እንደ ሹራብ ነው፤ አንድ ቦታ ከተተረተረ ማቆሚያ የለውም። ለአንዱ በግማሽ የሠራሽ እንደሆነ ወሬው ካንቺ ቀድሞ በሚቀጥለው ቤት በር ላይ ይጠብቅሻል። ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ባልዲውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው «ዛሬ ዋጋውን የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እኔ ዲዳ ነኝ» ያሏት። እሷም መልሷ ያው ነበር።

ባለፈው ወር ጉልበታቸው አልጋ ላይ ያዋላቸው ጊዜ ምራቲቱ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ብቻዋን ሄዳ ሠርታ ነበር። ማታ ተመልሳ ያስቀመጠችው ገንዘብ ቀጭን ነበር። «ቤቱ ትንሽ ነው» አለች። እሳቸውም ምንም አላሉም፤ እሷም ምንም አልጨመረችም። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ዝምታ እንደ ሻጋታ ነው፤ የሚያድገው ከቁም ሳጥን ኋላ፣ ማንም እጁን በማይሰድበት ነው። አሁን በሰው ስልክ ውስጥ ቁም ሳጥኑ ተገፋና ግድግዳው ታየ። ቤቱ ትንሽ አልነበረም። ትንሽ የነበረችው እሷ ናት።

እማማ ፍንክች ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቤቱን ማየት ቀጠሉ። ምራቲቱ ከመጨረሻው ክፍል በቀር ቤቱን ቀድማቸው ዞራ ወደ ኩሽና ገብታለች። ዲዳ ነኝ ብለዋል፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው። ቤቱ ያረጀ ግን በደህና ጊዜ የተሠራ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ብዙ፣ ወለሉ ድሮ በሰም ይወለወል የነበረ እንጨት። አባትየው ከሞተ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው፣ ወንድምና እህት፤ ቤቱን ሊያከራዩት ነው። ወንድምየው ሳሎን ቆሟል፣ እህቲቱ ኩሽና ቆማለች፤ በመካከላቸው ያለው ኮሪደር ድንበር ሆኗል። ጠዋት በሩን ሲከፍቱላቸው ለአሮጊቷ ነገሩ ወዲያው ነው የገባቸው። ወንድምየው «ቁልፉ የት እንዳለ እሷን ጠይቋት» ይላል፣ እህቲቱ «መቼ እንደሚፈልገው እሱን ጠይቁት» ትላለች። ስንት ቤት አይተዋል። ሰው በተጣላበት ቤት ማንም ጥግ አይጠርግም፤ ጥጉን ሁሉ ለሌላው ይተውለታል።

የምድጃው ውስጥ የተቃጠለ ቅባት ከብረቱ ጋር ተጋብቷል። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ሲነኩት ጣት ይይዛል። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ መጋጠሚያ በሻጋታ ጠቁሯል። ሰው ይህንን ያይና «ውሃና ሳሙና ነው» ይላል። አፉን ይቁረጠውና፣ ሳሙናማ ከሁሉ ርካሹ ነው። ቤት ለማየት ብቻ የሚመጡበትን ቀን ማን ይከፍላቸዋል? ባልዲ ይዛችኋል ብሎ የሁለት ሰው የሚያስከፍላቸውን የአውቶቡስ ረዳትስ? በረኪናው በሳንባ ነው የሚገባው፤ ሳንባ ደግሞ ሱቅ አይሸጥም። አንድ ጊዜ በረኪና የነካውን የሰው መጋረጃ ተክተው ከፍለዋል፤ ያን ወር ቤታቸው ሊበላበት የነበረው ገንዘብ መጋረጃ ሆኖ ቀረ። ደግሞ ቁልፉ አለ። ባለቤቶቹ ሥራ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ይሰጡሻል፤ አንቺም የሰው ቤት ቁልፍ ፍራሽሽ ሥር አድርገሽ ትተኛለሽ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነቂያለሽ። በእነሱ ቤት አንድ ማንኪያ ቢጠፋ መጀመሪያ የሚታሰበው የማን እጅ እንደሆነ እያወቅሽ ሠርተሽ፣ ስምሽን ንጹህ አድርገሽ መቆየት ዋጋ የለውም ያለ ይምጣና ይሞክረው። እማማ ፍንክች ይህን ሁሉ በልባቸው አስገብተው፣ መስኮቱን በዓይናቸው ቆጥረው፣ ዋጋውን ጨረሱ። አስራ ሁለት ሺህ።

የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን በር ከፈቱ። የሟቹ ክፍል ነው። ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የራስ ጸጉር ያሸው ቅባታም ክብ ምልክት፣ የተዘጋ መስኮት፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ሽታ። ከአልጋው አጠገብ አንድ ብርጭቆ አለ። እሳቸው ያዩት አንድ የሚታጠብ ብርጭቆ ነው። «ይቺ የግማሽ ቀን ሥራ ናት» ብለው በሩን መልሰው ዘጉት፤ አስራ ሁለቱ ሺህ ላይም ምንም አልጨመሩበት።

ወደ ኩሽና ሲመለሱ ግን ያዩትን ማመን አቃታቸው። ምራቲቱ ተቀምጣለች። ወንበር ላይ፣ እንደ ሰው፣ ጀርባዋን አስደግፋ። በእጇ የሻይ ኩባያ ይዛለች። ከፊት ለፊቷ እህቲቱ ተቀምጣ ታወራለች። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ምራታቸው ላይ ተከሉ፤ ይህ ዓይን ስንት ባለሀብት ያርበደበደ ዓይን ነው። እሷ ግን አላየችውም ወይም እንዳላየች ሆነች።

«እማማ፣ ሻይ ላምጣልዎት?» አለች እህቲቱ ብድግ ብላ።

«ሳልሠራ አይጠማኝም።»

ወደ ኮሪደሩ ተመልሰው ግድግዳውን ተደገፉ። የሻርፓቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ያዙ፤ ካልያዙት ምላሳቸው ቃሉን ያፈርሳል። አበቃ፣ አሉ በልባቸው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ያለው ሁሉ ሊፈጸም ነው። መጀመሪያ ሻዩ፣ አሁን ችግሩ፣ ቀጥሎ ግማሹ። ይቺ ልጅ የእኔን ዓመታት በአንድ ኩባያ ሻይ ልትሸጥልኝ ነው። ከበሩ የሚመጣው ድምፅ የእህቲቱ ብቻ ነው። ምራቲቱ አልፎ አልፎ «እ» ትላለች፣ አንዳንዴም አንዲት አጭር ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ለስንት ጊዜ ተኙ፣ ማን ነበር የሚያስታምማቸው፣ እንዲህ ያለ። አሮጊቷ ሳይወዱ በግድ ሰሙ።

«አባቴ ከሞተ ጀምሮ የክፍሉን በር አልፌ አልገባሁም» ትላለች እህቲቱ። «ወንድሜ ሁሉንም በጆንያ ጠቅጥቃችሁ አውጡት ነው የሚለው። አባታችን ሲታመም እሱ አልነበረም፤ ለእሱ ዕቃ ነው። የአባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሁንም ብርጭቆው ውስጥ ነው። ውሃው ደርቆ አልቋል። ልደፋው እሄድና በሩ ላይ ደርሼ እመለሳለሁ። አንድ ሹራብ ደግሞ አለ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የት እንደገባ አላውቅም፣ እሱ እንዳይጣል ብቻ። ሌላም ይኖራል። ምን እንደሆነ እስካየው አላውቀውም።»

እማማ ፍንክች ሻርፓቸውን ከጥርሳቸው ለቀቁት። ብርጭቆውን አይተውታል። ጥርሱን ግን አላዩትም።

በዚህ መሃል ወንድምየው ከሳሎን ወጥቶ በኮሪደሩ አለፈ። አሮጊቷን ሲያይ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ፤ ሥራው እንደተሳካለት ሰው ፊቱ ፈክቷል። ኩሽናው በር ላይ ቆሞ እህቱን ሳያይ ምራቲቱን «እንግዲህ ተግባባችሁ?» አላት። «ያለንበትን ሁኔታ ሰምተሽዋል። ቤቱ ገና አልተከራየም፣ የሆስፒታሉ ወጪም አለ። ስንት ነው የምትይን የኔ እህት?»

ምራቲቱ ኩባያዋን አስቀመጠች። ከወንበሯ አልተነሳችም። «ቤቱ አስራ ሁለት ሺህ ነው ጋሼ» አለች፤ ቁጥሩ ኮሪደሩ ውስጥ ከቆሙት አሮጊት አፍ የወጣ ነው የሚመስለው። «ያባታችሁ ክፍል ለብቻው ነው። እሱ አምስት ሺህ።»

«አምስት ሺህ? ለዚያች ክፍል? ከሁሉ ትንሿ እኮ ናት።»

«እዚያ ክፍል ውስጥ ማጽዳቱ አይደለም ሥራው። አንድ በአንድ እያነሳን ይቀመጥ፣ ይሰጥ፣ ይጣል እያልን እንጠይቃለን። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አጠገባችን መቆም አለባችሁ። ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ ቶሎ አይመልስም፣ እኛም አናጣድፍም። ያን ቀን ሌላ ቤት አንቀበልም።» ይህን አለችና ዝም አለች።

አሮጊቷ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቁ፤ «ግን እንነጋገራለን»፣ «ለእናንተ ሲባል»፣ ያ ሁሉ የተለመደ የመውረጃ ደረጃ። አልመጣም። እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን ስለ ምድጃው ተናግረው፣ ስለ ሻጋታው ተናግረው፣ ሰውየውን አንድ ሁለት ነገር ሸንቁጠውት፣ ቤቱ በጩኸት በሞላ ነበር። ልጅቱ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰውየውን በትሕትና ታየዋለች። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሰው ዝምታን አይችልም፣ ሊሞላው ይሞክራል፤ ወንድምየውም ይሞላ ጀመር። አስር ሺህ በጠቅላላው አለ። እሷ ዝም። እሺ አስራ አንድ፣ ሳሙናውንም እኛው እንገዛለን አለ። እሷ አሁንም አየችው። አስራ ሁለት ሺህ ከነክፍሉ፣ ይኸው፣ አንቺው ያልሽውን አለ። ከራሱ ጋር እየተከራከረ ብቻውን ደረጃ ሲወጣ አሮጊቷ በሩን ታከው አዩት፤ ሳቃቸው መጥቶ ነበር፣ በሻርፓቸው አፈኑት። በመጨረሻ ወንድምየው የደበቀውን አወጣ።

«ጓደኛዬ እኮ ባለፈው ወር በግማሽ ነው ያስጸዳው።»

«አዎ፣ ያጸዳሁለት እኔ ነኝ» አለች ምራቲቱ። «ያን ቀን አብራኝ የሠራችውን ጎረቤቴን ሙሉ ከፍዬ፣ ለቤት የሚገባውን አስገብቼ፣ ለእኔ የቀረኝ ጥፍሬ ሥር የገባው በረኪና ነበር። ሻያቸው ጣፋጭ ነው። ያንን ዋጋ ሞክሬዋለሁ ጋሼ፤ አያኖርም።»

ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ተመልሳም ዝም አለች። ወንድምየው አሁን የሚሞላበት ነገር አልቆበት ዞር ዞር አለና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እህቱ ላይ አረፈ። «ክፍሉ ይቅር» አለ። «ክፍሉን እኛው እናወጣዋለን።»

«አንተ ትገባለህ?» አለች እህቱ።

እሱን ጠይቁት ሳትል፣ በማንም አፍ ሳትልክ፣ ራሱን ነው የጠየቀችው። ወንድምየው አፉን ከፈተ። ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ መጨረሻው በር ተመለከተ፤ እዚያ መስመር ላይ ቆመው የነበሩት እማማ ፍንክች ፊቱን ሙሉውን አዩት። ክፋት የለበትም። ፈሪ ልጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። «አልችልም» አለ። እህቱ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «አስራ ሰባቱን እኩል እንከፍላለን» አለች፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ምራቲቱ ባልዲውን ልታወጣ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ስትል አማቷ መንገድ ዘጉባት።   ያንን ክፍል እሳቸው ቆመው አይተው በግማሽ ቀን ሥራ ዘግተውታል፤ ይቺ ተቀምጣ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ሳታየው ዋጋውን አወቀች። እኔ ያሳደግኳት ናት፣ አሉ በልባቸው፤ ወዲያው ደግሞ ውሸት መሆኑን ስላወቁት ተዉት። ራሷ ናት ራሷን ያሳደገችው። እሳቸው ሲጮሁ እሷ ስታድግ ነበር።

«ተቀመጥሽ» አሏት በሹክሹክታ።

«ተቀመጥኩ እትዬ።»

«ሻይም ጠጣሽ።»

«ስኳር አስጨምሬ።»

«ይሄ ዝም ማለት ከየት የተማርሽው ነው?»

ምራቲቱ ባልዲውን አነሳች። «ከእርስዎ ጋር እየኖርኩ ሌላ ምን እማራለሁ፣ እትዬ? መቼ የመናገር ተራ ደረሰኝ?» አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም፤ ከፊቷ ኋላ ግን አለ። አሮጊቷ ከመንገዷ ዘወር አሉላት። ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሥራው ያኔውኑ ተጀመረ። እህቲቱና ምራቲቱ በአባትየው ክፍል ገቡ፤ መስኮቱ ሲከፈት የቤቱ አየር ሁሉ ተንቀሳቀሰ። አሮጊቷ ኩሽና ውስጥ ሆነው በየመሃሉ ይሰማሉ፤ «ይሄስ?» ረጅም ዝምታ። «ይሰጥ።» «ይሄስ?» ከዚያ የበለጠ ረጅም ዝምታ። ወንድምየው መጀመሪያ ሳሎን ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ኮሪደር ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ቀጥሎ ደፉ ላይ ቆመ። «ያ ሹራብ እኮ የእኔ ነበር፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት» ሲል ተሰማ። እህቱ «አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምፈልገው» አለችው። ከዚያ በኋላ በዚያ በር በኩል የመጣውን ድምፅ እማማ ፍንክች ላለመስማት ምድጃው ውስጥ አንገታቸውን ከተው በብሩሽ ፈተጉ። የሰው ቤት የምታጸጂ ሴት የማትሰሚውን ማወቅ አለብሽ፤ ይህም በዋጋው ውስጥ አለ።

ፀሐይ ከኩሽናው መስኮት ስትርቅ ወንድምየው ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ቀብድ ይዟል፤ ገንዘቡን አጣጥፎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ደንቡ ለታላቂቱ ዘረጋላቸው። እማማ ፍንክች አንድ እጃቸው ምድጃው ውስጥ ነው፤ ሌላው ግን ነጻ ነበር። እጃቸው በልማዱ ሊነሳ ሲል ያዙት።

«ለእሷ ስጣት» አሉ።

«አሠሪዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ እማማ?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት ነበርኩ። ምነው፣ አላየሃትም? አስራ ሰባት ሺህ ተቀምጣ ስታስከፍልህ አልነበርክም?» አሉ፤ ድምፃቸው ሳያስቡት ከፍ ብሎ ቤቱን ሁሉ አዳረሰ። «እንደ እሷ ዋጋ የሚያውቅ በዚህ ከተማ ካለ አምጣልኝ። እኔን ጨምሮ ነው የምልህ።»

ምራቲቱ ከኮሪደሩ መጥታ ገንዘቡን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ኪሷ ከተተች። ከዚያ አማቷን አየች፤ የተንበረከኩበትን፣ ወለሉ ላይ የተጣጠፈውን ያንን በሽተኛ ጉልበት። «እትዬ፣ ምድጃውን ለእኔ ይተዉልኝ» አለች። «እርስዎ መስኮቶቹን ይያዙ።»

«መስኮት የጀማሪ ሥራ ነው።»

 ምራቲቱ እጆቿን ከፊቷ አጣምራ በትሕትና ታያቸው ጀመር። እማማ ፍንክች ጠበቁ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም አሉ። ሐኪሙ እኮ ሕጻን ነው፣ ጢም እንኳን አላወጣም አሉ። ይቺን ጥግ ብቻ ልጨርስና አሉ። እሷ ታያቸዋለች። ወንድምየው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያየ በሩ ላይ ቆሟል። አሮጊቷ የምድጃውን ጠርዝ ይዘው፣ አንዱን እግር ቀጥሎ ሌላውን አስነስተው፣ ባልዲው ላይ ከተሰጣው ጨርቅ ደረቁን መረጡ።

«ምን ታየናለህ?» አሉት ወደ መስኮቱ ሲያልፉ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው። «መሰላል አምጣልኝ። አሠሪዬ ሥራ ላይ ናት።»